አይሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ

ዘመድ ለመቀበል ወደ አይሮፕላን ማረፊያ የሄደ ሰው፥ ጎማዎቹ መሬቱን ሲነኩ ባየ ጊዜ «እሰይ፥ በደኅና ገባ!» ማለቱ የተለመደ ነው። በውስጥ ያሉት መንገደኞችም አንዳንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አደጋው ሁሉ በአየር ላይ ያለ፥ መሬት ከተነካ በኋላ ግን የቀረው ሥራ እንደ አውቶቡስ ፍሬን ረግጦ መቆም ብቻ ይመስለኝ ነበር። በፊዚክስ ትምህርታችን ስለ ሰበቃ ከተማርን ወዲህ ግን ሐሳቤ ስሕተት መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ አይሮፕላን በምድር ላይ እንዴት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚመራ፥ ይህም ሲበላሽ ምን እንደሚደርስ፥ ለአንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፥ ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሬቱን በተጫነው መጠን ነው። ሁለት ጕልበተኞች ብብቱን ይዘው ወደ ላይ ያነሡት ሰው፥ እግሩን መሬት ላይ ለመትከል ቢታገልም ከመጐተት አይድንም፤ ክብደቱ በእግሩ ላይ አይደለምና። ገና ያረፈ አይሮፕላንም እንደዚሁ ነው። ፍጥነቱ ብዙ ስለ ሆነ ከክብደቱ ትልቁን ክፍል ክንፎቹ ገና ተሸክመውታል፤ አብራሪው ፍሬኑን ቢረግጥ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ ጎማዎቹ መሬት እንደ ነኩ ከክንፎቹ ላይ ቀጥ ብለው የሚነሡ ሰሌዳዎች ተሠርተዋል። እነዚህም ነፋሱን ይቃወማሉ፤ ይልቁንም ክንፉ የሚያነሣበትን ኀይል ቀንሰው ክብደቱን በጎማዎቹ ላይ ያወርዱታል። ከዚህም ጋራ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልስ መሣሪያ አለ። በአየር ላይ ሳለ እንዳይከፈት፥ አይሮፕላኑ ምድር መርገጡ እስኪታወቅ ድረስ ተቈልፎ ይቆያል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በአንድ ዐይነት ፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ዋጋቸው ትልቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር መሪው ነው። አይሮፕላኑ በብዙ ፍጥነት ሳለ አቅጣጫውን የሚጠብቀው፥ በጅራቱ ላይ ቆሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው ክፍል ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ሥራው ወደ ፊተኛው ጎማ ያልፋል። አብራሪው ይህን ጎማ በእግር መርገጫ በጥቂቱ፥ በአጠገቡ ባለች ትንሽ የእጅ መሪ ደግሞ በብዙ ሊያዞረው ይችላል። ይህች የእጅ መሪ ለዝግታ ጉዞ የተሠራች ናት፤ በፍጥነት ሳሉ ቢያዞሯት አይሮፕላኑን ከመንገዱ ልታስወጣው ትችላለች።

የሁለቱን ነገሮች መተሳሰር የሚያሳይ አንድ አሳዛኝ ምሳሌ አለ። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012) ገልፍስትሪም አራት የተባለ፥ ለባለሥራዎች የግል ጉዞ የሚያገለግል ጄት፥ በደቡብ ፈረንሳይ ከኒስ ተነሥቶ ወደ ለ ካስተሌ ሄደ። በውስጡም ሁለት አብራሪዎችና አንድ አስተናጋጅ ብቻ ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት የክንፉን ሰሌዳዎች ለሥራ ማዘጋጀት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ተረሳ። ስለዚህ ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ሰሌዳዎቹ ሳይነሡ ቀሩ፤ ግፊት መላሹም ቢታዘዝ ዘገየ፤ ማስጠንቀቂያዎች ተከታትለው መጡ፤ ፍጥነቱም እንደሚገባው አልቀነሰም። አብራሪዎቹ ጄቱ መሬቱን እንዳይለቅ አፍንጫውን ወደ ታች በብርቱ ስለ ተጫኑት፥ ፊተኛው እግር ለአጭር ጊዜ ከልማዱ በላይ ጫና ወደቀበት። ከዚያ በኋላ ፊተኛው ጎማ ወደ ግራ ዞረ። መርማሪዎቹ፥ ይህ የሆነው በእጅ መሪዋ መዞር ወይም በመሪው መበላሸት ነው አሉ እንጂ ከሁለቱ አንዱን ለይተው አልቈረጡም። ጄቱ በፍጥነት እንዳለ ከመንገዱ ወጥቶ ከዛፎች ጋራ ተጋጨና ተቃጠለ። በሥፍራው የተገኘው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻውን ስለ ነበረ እሳቱን ሊያሸንፈው አልቻለም። ሦስቱም ሰዎች ሞቱ።

መሪ በተበላሸ ጊዜ ሁሉ ግን ሰው ይሞታል ማለት አይደለም። መስከረም 11 ቀን 1998 ዓ.ም. (2005) በአሜሪካ፥ 146 ሰዎችን የያዘ የጄትብሉ ኤርባስ ፊተኛ ጎማዎቹ 90 ዲግሪ ወደ ጎን ዞረው አልመለስ አሉ። አብራሪዎቹ ግን ይህን ያወቁት በአየር ላይ ሳሉ ነበር። ነዳጁን ለመጨረስ ለሦስት ሰዓት ያህል ከዞሩ በኋላ በሎስ አንጀለስ አረፉ፤ በኋለኞቹ ጎማዎች ብቻ እየሮጡ አፍንጫውን በተቻለ መጠን ከፍ አድርገው አቆዩት። ፊተኞቹ ጎማዎች ተቃጥለው እሳት ቢረጩም፥ አይሮፕላኑ ከመንገዱ ሳይወጣ ቆመ፤ አንድም ሰው አልተጐዳም።

እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው? እነዚህ ጕድለታቸውን አስቀድመው ስላወቁ የሚያስቡበት ሦስት ሰዓት አገኙ፤ እነዚያ ግን ያወቁት መሬት ከነኩ በኋላ ስለ ሆነ የነበራቸው ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ነው። አብራሪዎች ከማረፋቸው በፊት አንዱ ዝርዝሩን እያነበበ፥ ሌላው በዐይኑ እያየ «ተፈጽሟል» ብሎ የሚመልሰው ስለዚህ ነው። ይህ ንባብ በየቀኑ ስለሚደጋገም አፍ በልማድ እንዲመልስ፥ ዐይን ግን እንዳያይ ያደርጋል፤ አደጋውም ያለው በዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይመስለኝም። ከእኛ መካከል ነገ አብራሪ ወይም መካኒክ የሚሆን ቢኖር፥ ያን ተራ ዝርዝር በየቀኑ እንደ አዲስ እንዲያነበው እለምነዋለሁ። እኔም ወደፊት ዘመድ ለመቀበል ስሄድ «በደኅና ገባ» የምለው አይሮፕላኑ ፈጽሞ ሲቆም ነው።