አዲስ ጥበብን ለሕዝብ ስለ ማስታወቅ

ጥበብን መፍጠር አንድ ሥራ ሲሆን፥ የተፈጠረውን ጥበብ ለሚጠቅመው ሰው ማድረስ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። በጎተራ ተዘግቶበት የተቀመጠ እህል የተራበውን እንደማያጠግብ ሁሉ፥ መልካም የተባለ መሣሪያም ጥቅሙና አያያዙ ካልተነገረ በስተቀር ለአገር የሚሰጠው ረድኤት አይኖርም። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚባለው ሥራ የነጋዴ ጩኸት ብቻ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም፤ እውነትን ይዞ ሲገኝ ትምህርት ነው፥ ሐሰትን ይዞ ሲገኝ ግን ወጥመድ ነው።

በቀደመው ዘመን መንግሥት ለሕዝቡ የሚያስታውቀው ነገር ሲኖረው ነጋሪት እያስጎሰመ በገበያ ቀን ዐዋጅ ያስነግር ነበር። ገበያ የተመረጠበትም ምክንያት ደገኛውና ቆለኛው፥ ገበሬውና ነጋዴው፥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚገኝበት ስፍራ ስለ ሆነ ነው። ዐዋጁን በጆሮው የሰማው ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ላልሰማው ያሰማ ነበርና ቃሉ ከገበያው ርቆ ይሄድ ነበር። ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜም፥ ድምፅን በሽቦ የሚያመጣ ነገር የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት እንደ ነበሩ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ነገሩ ተገልጦ በታየ ጊዜ ግን ጥርጣሬው ቀርቶ ስልክ የመንግሥትና የሕዝብ አገልጋይ ሆኗል። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፥ ሰው አዲስ ነገርን የሚጠላው አዲስ በመሆኑ ሳይሆን ሳይገለጥለት በመቅረቱ መሆኑ ነው።

ዛሬ ነጋሪቱ ተለውጧል። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫነውን፥ በተለምዶ አፕ የሚባለውን መተግበሪያ ባለቤቶቹ ለሕዝብ የሚያስታውቁት በድረ ገጽ፥ በፌስቡክ፥ በቴሌግራም፥ በቲክቶክና በዩቲዩብ ነው። ዘዴው ብዙ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ማስታወቂያውን የሚያወጣው ሰው ዕድሜን፥ ቋንቋንና አገርን ለይቶ ለመረጠው ወገን ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ ስንት ሰው እንዳየውም በዚያው ቀን ይቆጥራል፤ ያየውም ሰው ጥያቄ ቢኖረው ወዲያው ይጽፍለታል።

የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ለዚህ ዋና ምሳሌ ይሆናል። ይህ በስልክ ገንዘብ መላኪያና መክፈያ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ፥ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተመዘገቡት ደንበኞቹ ከ47 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። ነገር ግን ይህን ያህል ሰው የመጣው በማኅበራዊ መገናኛ በወጣ ሥዕል ብቻ አይደለም። በየስፍራው ወኪል ቆሟል፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለየስልኩ ተልኳል፤ በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦትም የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን በመንግሥት ታዟል። ስማርት ስልክ የሌለውም ሰው *127# ብሎ በመደወል ያለ ኢንተርኔት እንዲገለገልበት ሆኗል።

ይህን ነገር በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ አስቀምጦ መመርመር ይጠቅማል። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ ወደ ቦረና የሚሄደው መንገደኛ መካነ ሰላም ሲደርስ ሁለት ዓይነት ሕዝብ ያገኛል። በከተማው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለና፥ ተማሪው፥ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ስማርት ስልክ ይዞ ቴሌግራም ይከታተላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን፥ ወደ ሳይንትም ሆነ ወደ ዐባይ ሸለቆ ቢሄዱ፥ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ገበሬ ብዙ ነው። ለዚህ ገበሬ በፌስቡክ የሚወጣ ማስታወቂያ በሌላ አገር ገበያ እንደ ተጎሰመ ነጋሪት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳስብ የሚያደርገው ደግሞ አገልግሎቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ለዚሁ ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ አገር ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄዳቸው የታወቀ ነው፤ በብርቱ ድካም ያገኙትንም ገንዘብ ከሚጠብቁት መካከል ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አባት ይገኛሉ። አንዲት እናት ስለ ምስጢራዊ ቁጥር ጥበቃ የነገራት ሰው ባለመኖሩ፥ ቁጥሯን በገበያ ላይ ላገኘችው ለማታውቀው ጎረምሳ ነግራ እንደ ሆነ፥ የልጅዋን የዓመት ላብ በአንዲት ደቂቃ ልታጣ ትችላለች። እንግዲህ ማስታወቂያው ሳይደርስ መቅረቱ የነጋዴው ኪሳራ ብቻ አይደለም።

በማኅበራዊ መገናኛ ብቻ መታመን የሚያስከትለው ሌላ ጉዳትም በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። ከየካቲት ወር ጀምሮ አምስት ወር ያህል ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር፤ በሐምሌ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ድምፁን ሁሉ በእነዚህ ስፍራዎች ብቻ ያኖረ ሰው በዚያ ጊዜ አንደበቱ ተዘጋ። የራዲዮ ጊዜ፥ አጭር የስልክ መልእክትና በአካል የሚያስረዳ ወኪል ያለው ግን አንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይናገራል።

የጎረቤት አገር የኬንያ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ኤምፔሳ በ1999 ዓ.ም. በዚያ አገር ሲጀመር ስማርት ስልክ በሕዝብ እጅ አልገባም ነበር። አገልግሎቱ የተስፋፋው በባለ ቁልፍ ስልክና በየሱቁ በቆሙ ወኪሎች ነው። ማስታወቂያውም ገንዘብን ወደ ቤት ስለ መላክ የሚናገር አጭር ቃል ነበር። መቶ ጥቅም ከሚዘረዝር ረጅም ዲስኩር ይልቅ፥ የሰውን ችግር የሚነካ አንድ ቃል እንደሚበልጥ ከዚህ ይታያል።

ድረ ገጽን በሚመለከት፥ በአማርኛ የተጻፈ፥ በደካማ መስመር የሚከፈት፥ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጥ የሚናገር፥ መተግበሪያው ከየትኛው እውነተኛ ስፍራ እንደሚወርድና ቅሬታ በየትኛው ስልክ እንደሚቀርብ የሚያሳይ ሊሆን ይገባዋል። ማኅበራዊ መገናኛ እንግዳን የሚጠራ መልእክተኛ ነው፤ ድረ ገጹ ግን ቤቱ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ እንግዳው ሁለተኛ አይመለስም። ደግሞም በታወቀ ተቋም ስምና ዓርማ ሐሰተኛ ገጽ እየከፈቱ፥ ሽልማት ደርሶሃል በማለት ምስጢራዊ ቁጥር የሚጠይቁ አታላዮች አሉና፥ ተቋሙ እውነተኛ ገጾቹ የትኞቹ እንደ ሆኑ ደጋግሞ ማስታወቅ አለበት። ስለ ማስታወቂያ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና ከማሳሳት የራቀ እንዲሆን ያዝዛል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብና እንዳይተላለፍ የወጣ ነው። ስለዚህ ለማስታወቂያ ሲባል የገበሬውን ስምና የስልክ ቁጥር ከቀበሌ መዝገብ ገልብጦ መስጠት የሹም ሥራ አይደለም።

የሹማምንትና የካህናት ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ሹም የሚመዘነው ስንት ሰው አስመዘገበ በመባል ብቻ ከሆነ፥ ገበሬው ማዳበሪያ ሊወስድ በመጣበት ቀን ስልኩን ተቀብሎ መመዝገብና መልሶ መስጠት ይቀላል፤ ቁጥሩም በሪፖርት ላይ ያምራል። ነገር ግን ተመዝግቦ የማይገለገልበት ሰው፥ ቁልፍ ተሰጥቶት በሩን ያላሳዩት ሰው ማለት ነው። ትክክለኛው መመዘኛ፥ ያ ሰው ምስጢሩን ለሌላ ሳይሰጥ ገንዘቡን በራሱ እጅ ልኮና ተቀብሎ መገኘቱ ነው።

ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ፥ በሰንበቴና በማኅበር፥ ኢማሙም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፥ ምስጢራዊ ቁጥር እንደ ቤት ቁልፍ መሆኑንና ለማንም እንደማይሰጥ ቢያስታውሱ፥ ከብዙ ሥዕል ይልቅ ይሰማሉ። ሕዝቡ ቃላቸውን የሚቀበለው ትርፍ የማይፈልጉበት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ካህን የአንድ ነጋዴ ደላላ ሆኖ በመቅደስ ስም መተግበሪያ ቢያስታውቅ፥ ያንን አመኔታ በርካሽ ዋጋ ሸጠ ማለት ነው፤ ማስተማር ሌላ፥ መደለል ሌላ ነውና።

የመካነ ሰላም ተማሪ በስልኩ ያየውን ለእናቱ በቃል ቢያስረዳ፥ የቀበሌው ሹም በገበያ ቀን ወኪሉን አቁሞ ቢያሳይ፥ ካህኑም ከአታላይ ቢያስጠነቅቅ፥ አዲሱ ነጋሪት የአሮጌውን ያህል ርቆ ይሰማል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ የተባለው የአባቶች ሥርዓት በስልክ ዘመን አልተሻረም፤ እንዲያውም ዛሬ የሚፈጽመው ሰው ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገዋል።