እሳቱ መቼ ይለኮስ?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ካንዴላው ብልጭ የሚለው ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሳይጨርስ ነው። እሳቱ ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋ ከሆነ፣ ገና እየወጣ ሳለ ለምን ይለኮሳል?

ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ሲነዱ ባንዴ ቦግ ብለው አያልቁም። እሳቱ ሲሊንደሩን እስኪያዳርስ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ግፊቱ ደግሞ የሚጠቅመው ፒስተኑ ጫፍ ነክቶ መውረድ ሲጀምር ከበረታ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ መለኮስ ግድ ይላል።

ምን ያህል ቀድሞ? ሞተሩ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ የሚያዞረው ክራንክሻፍት በ2 ሚሊሴኮንድ 9 ዲግሪ ይሄዳል፤ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን በዚያችው ጊዜ 36 ዲግሪ። ፍጥነት ሲጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሽክርክሪት እሳቱን ያፋጥነዋል፤ ቢሆንም ብልጭታው መቅደሙ አይቀርም።

አጥብቆ ከቀደመ ግፊቱ የሚወጣውን ፒስተን ይጋፋል፤ ያልነደደው ቅልቅልም በራሱ ፈንድቶ ሞተሩ ያንኳኳል። መንኳኳቱ ከሰነበተ ፒስተን ይበሳል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበት ይጠፋል፣ ቤንዚን ይባክናል፣ የጭስ ማውጫው ይግላል።

ይህን የመመጠን ሥራ ድሮ የሚሠራው ሹፌሩ ነበር። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. በተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ከመሪው በስተግራ ያለችው ዘንግ ለዚሁ የተሠራች ናት። መኪናውን በእጅ ሲያስነሳ ዘንጓን ማዘግየት የረሳ ሰው፣ ማስነሻው ብረት ወደ ኋላ ተወርውሮ ክንዱን ሊሰብረው ይችል ነበር። በኋላ ብልጭታውን ለየካንዴላው በሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የተገጠሙ ክብደቶች ሞተሩ ሲፈጥን በስፕሪንግ ተይዘው ወደ ውጭ እየተከፈቱ ብልጭታውን ያስቀድሙ ጀመር። ዛሬ ኮምፒውተር የክራንክሻፍቱን አቀማመጥ በሴንሰር እያነበበ ይወስናል፤ መንኳኳት ሲሰማም ወዲያው ያዘገያል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተር እዚህ በቀላሉ አያንኳኳም፣ ብልጭታውም ጥቂት ቢቀድም ይስማማዋል። በዚህ ልክ የተስተካከለ ባለዲስትሪቢዩተር መኪና ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ግን፣ አየሩ ስለሚወፍርና ስለሚሞቅ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሊያንኳኳ ይችላል። ያኔ መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን ላላ አድርጎ በጥቂት ዲግሪ ማዘግየት አለበት፤ በኮምፒውተር የሚሠራው ይህን ራሱ ያደርገዋል።