ቱፓክ ያላለውን አሰኙት!

ሰው ከሞተ በኋላ ስንት አልበም ሊያወጣ ይችላል? ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊው ራፐር ቱፓክ ሻኩር በሕይወት ሳለ በስሙ ያወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች 4 ናቸው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በጥይት ተመትቶ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1996 በ25 ዓመቱ ካረፈ በኋላ የወጡለት ግን ከዚያ ይበልጣሉ። «ሰውየው አልሞተም፣ ተደብቆ ነው!» የሚለው ወሬ ዓለምን ያዳረሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሞተ በተባለ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ዘፈን ይዞ ብቅ የሚል ሰው ቢጠረጠር ምን ይገርማል? ፎቶው በታክሲ መስታወት ላይ ይለጠፍባት በነበረችው አዲስ አበባም ይህንን ወሬ አምኖ የተከራከረ ጎረምሳ ጥቂት አይደለም።

ከእነዚህ አልበሞች ሁሉ አድናቂዎቹን ለሁለት የከፈለው በ2004 መጨረሻ የወጣው «ሎያል ቱ ዘ ጌም» ነው። አብዛኛውን ሙዚቃ የሠራው የዲትሮይቱ ነጭ ራፐር ኤሚነም ሲሆን፣ ለቱፓክ እናት ለአፌኒ ሻኩር ደብዳቤ ጽፎ፣ ተፈቅዶለት ነው የገባበት። አልበሙ እንደወጣ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። ታዲያ ጠቡ ምን ላይ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀዳ የዘፋኙ ድምፅ በአንድ መስመር፣ ከበሮው በሌላ፣ ባሱም በሌላ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ሙዚቃውን ጥሎ ድምፁን ብቻ ማውጣትና አዲስ ቢት ማልበስ ይቻላል። ችግሩ፣ ቱፓክ ያንን ግጥም ያለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ለሌላ ምት መሆኑ ነው። አዲሱ ቢት ቀርፋፋ ከሆነ ድምፁም አብሮ ይጎተታል፤ ፈጣን ከሆነም ይሮጣል። ኤሚነም የድምፁን ፍጥነትና ቅላፄ ነካካው። ይህ ሳያንስ ቃላት ከዚህም ከዚያም ተቆራርጠው ተቀጣጠሉና ቱፓክ የ«ጂ-ዩኒት»ን ስም ሲጠራ ተሰማ። ጂ-ዩኒት እኮ የፊፍቲ ሴንት ቡድን ነው። ቱፓክ ሲሞት እንዲህ የሚባል ቡድን በዓለም ላይ አልነበረም!

የጥንት አድናቂዎቹን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። የሟችን ሥራ ማውጣቱን ብዙዎቹ አልጠሉትም። እንዲያውም የተረፈች ቁራጭ ድምፅ ብትገኝ ደስታቸው ነው። ግን ቱፓክን የወደዱት በአነጋገሩ ነው፤ የት ላይ ረገጥ እንደሚያደርግ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ በቃላቸው ያውቁታል። ያ ሲዛባባቸው የወንድማቸውን ድምፅ በተበላሸ ስልክ እንደሰሙ ነው የሚቆጥሩት። በቁሙ ያላወቃቸውን ሰዎች ጓደኞቹ አስመስሎ ማስጠራትማ በሰው አፍ መናገር ነው ይላሉ።

በሌላ በኩል ያሉትም ቀላል ክርክር የላቸውም። ከዚሁ አልበም የወጣው «ጌቶ ጎስፕል» የኤልተን ጆንን የ1971 ዜማ ተውሶ በ2005 በእንግሊዝ 1ኛ ወጥቷል። ቱፓክ ሲሞት ሕፃን የነበረ ስንቱ ልጅ ከእሱ ጋር የተዋወቀው በዚህ ዘፈን ነው! ለእነሱ የተነካካው ድምፅ ራሱ ቱፓክ ነው፤ ሌላ አያውቁማ። ደግሞስ እናትየው ፈቅዳ የለም እንዴ? አፌኒ ልጇ ያልወጡ ሥራዎቹን ጥሎ ሲሞት ከአሳታሚው ከዴዝ ሮው ጋር በፍርድ ቤት ተሟግታ ነው ድርሻዋን ያስከበረችው። በ1997 በልጇ ስም ለወጣቶች የሥነ ጥበብ ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅትም አቋቁማለች። እሷን «ገንዘብ ወዳድ» ብሎ መሳደብ ነውር ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የእናት ፈቃድ የልጁን አፍ አይተካም። ማውጣት ሌላ፣ ማሰኘት ሌላ! በ2018 ያረፈው የማክ ሚለር «ሰርክልስ» በ2020 ሲወጣ አድናቂው በደስታ የተቀበለው ለምን ይመስላችኋል? የጨረሰው ጆን ብራየን ልጁ በሕይወት ሳለ አብሮት ሲሠራው የነበረ ሰው ነዋ። የሚፈልገውን ያውቃል። በዚያው ዓመት የተገደለው የፖፕ ስሞክ አልበም ሊወጣ ሲል ግን አድናቂዎቹ ሽፋኑን አይተው «ይሄ ለእሱ አይመጥንም» ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ሽፋኑም ተቀየረ። አድማጭ ዝም ካላለ ይሰማል ማለት ነው።

ቱፓክን ገና የምትጀምሩ ካላችሁ ከ«ሎያል ቱ ዘ ጌም» አትጀምሩ። በማካቬሊ ስም በኖቬምበር 1996 የወጣውን «ዘ ሰቨን ዴይ ቲዮሪ» ያዙ። ከሞተ በኋላ ቢወጣም ሊገደል አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ የሠራው ነው። ከእሱ በኋላ የ2004ቱን ስትሰሙ ልዩነቱን ማንም ሳይነግራችሁ ጆሯችሁ ይለየዋል። ወዳችሁት ከሆነም አትፈሩ፣ «ጌቶ ጎስፕል»ን መውደድ ክህደት አይደለም።

ለነገሩ ዛሬ ቃላት መቀጣጠልም ቀርቷል። በኤፕሪል 2024 ድሬክ ከኬንድሪክ ላማር ጋር በተናቆረበት ሰሞን ባወጣው ዘፈን ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የቱፓክ ድምፅ አስገባ። አንድም ቃሉ ከቱፓክ አፍ የወጣ አይደለም። የቱፓክ ወራሾች ጠበቃ «አንሣ፣ አለዚያ እንከስሃለን» አለው፤ ድሬክም አነሣው። ይህ ሁሉ የሚመጣ መሆኑ ቀድሞ የገባው የሚመስለው አንደርሰን ፓክ በ2021 ክንዱ ላይ ንቅሳት አስነቅሷል፦ ከሞትኩ በኋላ በስሜ አልበምም ሆነ ዘፈን እንዳታወጡብኝ የሚል።