የፋብሪካ ቆጠራና የደቡብ ጎንደር ሴቶች ሥራ

በኢትዮጵያ የፋብሪካዎች ቁጥር ማደጉና የሴት ሠራተኞች ድርሻ መለዋወጡ በተነሣ ቁጥር በምክንያትነት የሚጠቀሱት የመንግሥት ፖሊሲ፣ የውጭ ባለሀብትና የልጃገረዶች ትምህርት ሲሆኑ፣ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘው ቆጠራው የቆመበት መስፈርት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት (የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ) በከፍተኛና መካከለኛ የማኑፋክቸሪንግ ኢንዱስትሪ ጥናቱ የሚመዘግበው 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉትን፣ በሞተር ኃይልም የሚሠራውን ድርጅት ነው፤ ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ይዞ በሞተር የሚሠራው «አነስተኛ ኢንዱስትሪ»፣ በእጅ የሚሠራው ደግሞ «የጎጆና የእደ ጥበብ ኢንዱስትሪ» ተብሎ ለብቻው፣ ያውም ዓመታት እየዘለለ ይጠናል።

ይህ መስፈርት የሚደብቀው ነገር በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ጎልቶ ይታያል። ጥጥ የምትፈትለው፣ ጠላ የምትጠምቀውና አረቄ የምታወጣው ሴት አምራች ብትሆንም ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ውጭ ናት። ከዚህም በላይ እዚህ ሞተር ሲገባ ሥራው ብዙ ጊዜ ከሴት ወደ ወንድ እጅ ይዞራል፤ እህል በድንጋይ ወፍጮ መፍጨትም ሆነ በፎገራ ሜዳ ሩዝ በሙቀጫ መውቀጥ የሴት ድካም ሲሆን፣ ወፍጮ ቤቱና የሩዝ መፈልፈያው ሴቲቱን ከዚህ ልፋት ቢገላግሏትም፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውና ደመወዙን የሚቀበለው በአብዛኛው ወንድ ነው።

በአገር ደረጃ የሴቶች የፋብሪካ ቅጥር ጎልቶ የታየው በልብስ ስፌት ላይ በተመሠረቱት የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ በተለይም በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳው ፓርክ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት የተመዘገበ የሠራተኛ ቁጥር ስንቶቹ ገብተው እንደ ወጡ አይናገርም፤ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባካሄዱት ጥናት፣ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከመግባት ዕድል፣ ስትታገድም ጉዳቱ በቅድሚያ የደረሰው በሴቶች ላይ ነበር፤ ቅጥራቸው በዚህ በአንዱ ዘርፍ ተከማችቶ ነበርና።

የቆጠራው መስፈርት መዘዝ ከአኃዝ ያልፋል፤ ያልተቆጠረ ሥራ ብድር፣ የመሥሪያ ሼድና የኤሌክትሪክ መስመር በሚታደልበት ዕቅድ ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር የሴቶችን የኢንዱስትሪ ድርሻ የማሳደግ ጥረት፣ ልጃገረዶችን ወደ ሩቅ ፓርክ ከመላክ አስቀድሞ፣ የጎጆውን ሥራ በየጊዜው መቁጠርን፣ የሞተሩንም ሙያና ባለቤትነት ለሴቶች መክፈትን ይጠይቃል።