ሊኑክስ በኢመርጀንሲ ሞድ ሲቆም

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ሲበራ የተለመደው ባለ ሥዕል ገጽ ቀርቶ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ መስመሮችን ብቻ አሳይቶ የዋናውን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እየጠየቀ የሚቆምበት ሁኔታ «ኢመርጀንሲ ሞድ»፣ ማለትም የአደጋ ጊዜ አሠራር ይባላል። ይህን ያየ ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው እንደተበላሸ ወይም ፋይሎቹ እንደጠፉ ይገምትና ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ቤት ይወስዳል፤ እዚያም በአብዛኛው የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ዲስኩን ጠርጎ ሥርዓቱን እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ ችግሩን በእርግጥ ያስወግደዋል፤ ከችግሩ ጋር ግን የባለቤቱን ሰነድና ፎቶግራፍ አብሮ ሊያስወግድ ይችላል። የሚያስቆጨው ደግሞ፣ እንዲህ ከሚቆሙት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሚሹት ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ማረም ብቻ መሆኑ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ኮምፒውተሩ ከበራ በኋላ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ግራብ የተባለውን አስነሺ ይጠራል፤ ግራብ በበኩሉ ከርነሉን፣ ማለትም ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረውንና የሃርድዌሩን ሥራ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም፣ ከአንዲት ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል ጋር ወደ ሜሞሪ ያስገባል። ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባለው ይህች ጥቅል ዋናው ዲስክ እስኪከፈት ድረስ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች የያዘች ስንቅ ናት። ዲስኩ ከተገኘ በኋላ ሥራውን የሚረከበው ከፕሮግራሞች ሁሉ የመጀመሪያው፣ በሂደት ቁጥር 1 የሚታወቀው ፕሮግራም ሲሆን፣ የቀሩትን ዲስኮች የሚያያይዘው፣ ኔትወርኩን የሚያስነሣውና በመጨረሻም የመግቢያውን ገጽ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ኢመርጀንሲ ሞድ የሚከሠተው በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ መታየቱ በራሱ መልካም ዜና አለው፤ በአብዛኛው ከርነሉ ተነሥቷል፣ ዋናው ዲስክም ተገኝቷል ማለት ነውና። በአንጻሩ በስክሪኑ ላይ የግራብ ስም ብቻ ከታየ፣ ወይም ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል በቅንፍ ተጽፎ ከቀረበ፣ ችግሩ የደረሰው ቀደም ባለው ደረጃ ላይ ስለሆነ ሕክምናውም የተለየ ነው።

በዛሬዎቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች በአብዛኞቹ ላይ ቁጥር 1ን የያዘው ፕሮግራም ሲስተምዲ ይባላል። ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት ይህ ፕሮግራም በ2011 በፌዶራ 15፣ በ2015 ደግሞ በዴቢያን 8 እና በኡቡንቱ 15.04 መደበኛ ሆኖ ገብቷል። በዴቢያን ከእርሱ በፊት የነበረው ሲስቪ ኢኒት አንድ ተጨማሪ ዲስክ ቢያጣ ብዙ ጊዜ ቅሬታውን በስክሪኑ ላይ ጽፎ ጉዞውን ይቀጥል የነበረ ሲሆን፣ ሲስተምዲ ግን በማስነሻው ጊዜ እንዲያያዝ የታዘዘው ክፍል ካልተያያዘ ጉዞውን አቁሞ ሰው ይጠራል። የዴቢያን 8 የልቀት ማስታወሻ ሳይቀር ይህን ጥብቅነት ለይቶ በመጥቀስ ተጠቃሚዎችን አስጠንቅቆ ነበር፤ ለዓመታት ተሸፍነው የኖሩ ስሕተቶች በአዲሱ ሥርዓት ላይ ድንገት ኮምፒውተር የሚያቆሙ ሆነው ተገኝተዋልና።

ጥብቅነቱ የብዙ ሰው ምሬት ቢያስነሣም ምክንያቱ ግን የሚናቅ አይደለም። በሊኑክስ ዓለም እንደ ዊንዶውስ «ሲ» እና «ዲ» የሚባሉ የተለያዩ ድራይቮች የሉም፤ ያለው አንድ የፎልደሮች ዛፍ ነው፤ ዲስክን ማውንት ማድረግ ማለትም የዲስኩን ይዘት ከዚህ ዛፍ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ማያያዝ ነው። ቅርንጫፉ ዲስኩ ሳይያያዝ በፊትም ባዶ ፎልደር ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ የአንድ ድርጅት የሒሳብ ዳታቤዝ በሁለተኛ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያ ዲስክ ሳይያያዝ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ቢነሣ፣ አገልግሎቱ በባዶው ፎልደር ላይ አዲስ መዝገብ ሊከፍትና የዕለቱን ሒሳብ በዚያ ሊጽፍ ይችላል፤ በማግስቱ ዲስኩ ሲያያዝ ደግሞ አሮጌው መዝገብ ተመልሶ የትናንቱ ጽሑፍ ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። አንድ መዝገብ ሁለት ሆኖ ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ማስታረቅ፣ ኮምፒውተሩ ለግማሽ ሰዓት ቢቆም ከሚያደርሰው ጉዳት እጅግ የከበደ ነው። ለሰርቨር ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ ፊልም የተጫነበት ተጨማሪ ዲስክ ስለተነቀለ ብቻ የተማሪ ላፕቶፕ እንዳይነሣ ማድረጉ ግን ከመጠን ያለፈ መምሰሉ አይካድም፤ ለዚህም ከታች የሚጠቀሰው መውጫ ተበጅቷል።

የቆመው ስክሪን ራሱ የመጀመሪያውን እርምጃ ይናገራል። የይለፍ ቃሉ ከገባ በኋላ የሥርዓቱን ማስታወሻ፣ ማለትም ሎጉን፣ ለማንበብ ጆርናል-ሲቲኤል የሚለው ትእዛዝ ሰረዝ፣ ኤክስና ቢ ታክለውበት እንዲጻፍ ያዛል (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የቀረቡት በአጠራራቸው ነው)። «ቢ» የአሁኑን ማስነሻ ብቻ አሳይ ማለት ሲሆን፣ «ኤክስ» ደግሞ ማብራሪያ ይጨምራል። ይህ ጥቁር ስክሪን የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ለብዙ አማርኛ አንባቢ ተጨማሪ መሰናክል ነው፤ ዴቢያን ለዚሁ ጥቁር ኮንሶል ጎሃ የተባሉ የግእዝ ፊደል ቅርጾችን አካቶ መያዙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ፊደሉ እያለ የሚነበበው ቃል እንግሊዝኛ ነው። ሎጉ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ስለሚኖሩት ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም፤ በቀይ የተጻፉትን፣ ከእነርሱም ውስጥ «ፌይልድ»፣ ማለትም አልተሳካም፣ ወይም «ታይምድ አውት»፣ ማለትም የመጠበቂያው ጊዜ አለፈ የሚሉትን መፈለግ ይበቃል። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው፣ አንዱ ሲወድቅ በእርሱ ላይ የተደገፉት ሁሉ ተከትለው ስለሚወድቁ ስክሪኑ በውድቀት የተሞላ መምሰሉ ነው፤ «ዲፔንደንሲ ፌይልድ» የሚሉት መስመሮች የተደገፉበት የወደቀባቸው እንጂ በራሳቸው ጥፋተኞች አይደሉም። መፈለግ ያለበት በጊዜ ቅደም ተከተል የቀደመው ነው።

የቀደመው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው ኤፍኤስታብ የተባለ ፋይል ነው። ኤፍኤስታብ የትኛው የዲስክ ክፍል በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሚያያዝ የሚናገር ሰንጠረዥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመሩ 6 ዓምዶች አሉት፤ እነርሱም የዲስኩ ክፍል መለያ፣ የሚያያዝበት ቦታ፣ የፋይል ሥርዓቱ ዓይነት፣ ልዩ ልዩ ምርጫዎች፣ ዛሬ እምብዛም የማይሠራበት የመጠባበቂያ ቅጂ ምልክት፣ በመጨረሻም የፍተሻ ተራ ናቸው። የዲስኩ ክፍል በቀድሞ ጊዜ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እየተባለ በስም ይጠራ ነበር፤ ይህ ስም ግን ከርነሉ ዲስኮቹን ባገኛቸው ቅደም ተከተል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ፍላሽ ተሰክቶ ሲነሣ ኤስዲቢ የነበረው ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት አሁን የሚመረጠው ዩዩአይዲ የተባለው መለያ ነው፤ በሊኑክስ የፋይል ሥርዓቶች ላይ ይህ መለያ ባለ 128 ቢት ቁጥር ሆኖ በ32 ምልክቶች፣ በሰረዝ በተለያዩ 5 ቡድኖች ይጻፋል። ይህ መለያ ግን ከፋይል ሥርዓቱ ጋር የሚወለድ ስለሆነ፣ ያ የዲስክ ክፍል ፎርማት ከተደረገ አዲስ ይወጣለታል፤ በኤፍኤስታብ ላይ ያለው አሮጌው ቁጥር ደግሞ የሞተ ሰው ስልክ ሆኖ ይቀራል። ሲስተምዲ ያንን ቁጥር ለ90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ በስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰው ቀይ ኮከብና አጠገቧ የሚቆጥረው ሰዓት ይህን ጥበቃ የሚያሳዩ ናቸው፤ ጊዜው ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል።

መፍትሔው በኤፍኤስታብ የተጻፉትንና በእርግጥ ያሉትን መለያዎች ማስተያየት ነው። ቢኤልኬአይዲ የተባለው ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ በእርግጥ ያሉትን ክፍሎች ከነመለያቸው ይዘረዝራል፤ በኤፍኤስታብ ላይ ኖሮ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ቁጥር ከተገኘ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። ዋናው የፋይል ሥርዓት ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማረሙ በፊት ማውንት በሚለው ትእዛዝ ላይ ሪማውንት የሚለውን ምርጫ ጨምሮ ለጽሑፍም መክፈት ያስፈልጋል። ከዚያም ናኖ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፋይሉን ከፍቶ ቁጥሩን ማስተካከል፣ ወይም ዲስኩ ከነጭራሹ ከሌለ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሀሽ ምልክት አድርጎ መስመሩን ማሳለፍ ይቻላል፤ መስመሩን ከመሰረዝ ይልቅ እንዲህ ማድረጉ የቀድሞው ጽሑፍ ለኋላ እንዲታይ ያደርጋል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው መውጫ ደግሞ በአራተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ኖፌይል የሚለው ቃል ነው፤ ይህ ቃል ሲስተምዲን «ይህ ዲስክ ባይገኝም ጉዞህን ቀጥል» የሚል ሲሆን፣ ለሚነቀሉ ዲስኮችና ዊንዶውስ ለተጫነባቸው ክፍሎች መጻፉ የግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዊንዶውስ በፈጣን አጀማመር ዘዴው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ስለሚተኛ ክፍሉን ያልተዘጋ በር አድርጎ ይተወዋል፤ ሊኑክስም እንዲህ ያለውን ክፍል ለጽሑፍ ለመክፈት እምቢ ሊል ይችላል። የታረመው ፋይል ከማስነሣት በፊት ፋይንድማውንት በሚለው ትእዛዝ ቬሪፋይ የሚለው ምርጫ ታክሎበት ቢፈተሽ ሁለተኛ ድንጋጤ ይቀራል።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት የፋይል ሥርዓቱ ራሱ መጎዳት ነው፤ መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ኤክስት4 የተባለውና በኡቡንቱና በዴቢያን የተለመደው የፋይል ሥርዓት ሊሠራ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ የሚይዝ ስለሆነ፣ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ ብዙውን ጊዜ ያንን ማስታወሻ አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ጉዳቱ ከዚህ ካለፈ ግን አውቶማቲኩ ፍተሻ በራሱ ሊወስን የማይገባውን ነገር አግኝቶ፣ ኤፍኤስሲኬ የተባለው የፋይል ሥርዓት ፈታሽ በሰው እጅ እንዲሠራ ይጠይቃል። ኤፍኤስሲኬ ለጽሑፍ በተከፈተ ክፍል ላይ ፈጽሞ መሠራት የለበትም፤ ከርነሉና ፈታሹ አንዱን ገጽ በአንድ ጊዜ እያረሙ ያልተበላሸውንም ያበላሹታልና። ስም ያጡ ቁርጥራጮች ካገኘ ሎስት-ፋውንድ በተባለው ፎልደር ውስጥ በቁጥር እየሰየመ ያስቀምጣቸዋል። ኤክስኤፍኤስ ለተባለው የፋይል ሥርዓት ግን ኤፍኤስሲኬ ምንም አይሠራም፤ እርሱ የራሱ ጠጋኝ አለው።

ከጥገናው በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ የተበላሸው ጽሑፉ ነው ወይስ ወረቀቱ? ዲሜሴጅ በተባለው ትእዛዝ የከርነሉ ማስታወሻ ሲታይ የንባብና የጽሑፍ ስሕተቶች ደጋግመው ከወጡ፣ ወይም ስማርት-ሲቲኤል የተባለው መሣሪያ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ የዲስኩ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ መሄዱን ካሳየ፣ እየሞተ ያለው ዲስኩ ራሱ ነው። እንዲህ ባለው ዲስክ ላይ ኤፍኤስሲኬን ማስኬድ በጠና ታማሚ ላይ ሸክም መጫን ስለሆነ፣ አስቀድሞ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ይዘቱን ወደ ጤነኛ ዲስክ መቅዳት፣ ጥገናውንም በቅጂው ላይ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛው ምክንያት በግማሽ የቀረ የከርነል ማሻሻያ ሲሆን፣ አዲሱ ከርነል ድራይቨሮቹን ሳያገኝ ሲቀር ቪፋት በተባለው የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀውን የማስነሻ ክፍል ማያያዝ እንኳ ያቅተዋል፤ በግራብ ዝርዝር ውስጥ የቀደመውን ከርነል መርጦ መነሣትና ማሻሻያውን መጨረስ ይበቃል።

የይለፍ ቃሉ የማይታወቅ ወይም የዋናው አስተዳዳሪ መግቢያ የተዘጋ ከሆነ ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል። ኡቡንቱ መግቢያው በተዘጋ ጊዜ ኢንተር ተጭኖ ለመግባት ይፈቅዳል፤ ዴቢያን ግን መግቢያው የተዘጋ መሆኑን ተናግሮ ያቆማል። ግራብ ላይ «ኢ» የሚለውን ፊደል ተጭኖ ሊኑክስ በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኢኒት እኩል ይሆናል ቢን ባሽ የሚለውን በመጨመር ያለ ይለፍ ቃል መግባት ይቻላል። ይህ ለባለቤቱ እንደሚሠራ ሁሉ ላፕቶፑን ለሰረቀም የሚሠራ በመሆኑ፣ ሰነዱን የሚጠብቀው የመግቢያው ይለፍ ቃል ሳይሆን ዲስኩን በምስጢር መቆለፍ ነው። ሌላው መንገድ ሊኑክስ የተጫነበትን ፍላሽ ሰክቶ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ መነሣት ነው፤ ከዚያ የኮምፒውተሩን ዋና ክፍል አያይዞ ኤፍኤስታቡን ማረም ወይም ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይቻላል። ፎርማት ለማድረግ ጥገና ቤቱ የሚያነሣው ፍላሽም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ከፍላሹ ሲነሣ ከሚቀርቡት ሁለት ምርጫዎች «ጫን» የሚለውን ትቶ «ሞክር» የሚለውን መምረጥ ነው።