ስደተኛ ሕፃናት በኢትዮጵያ

ስደተኛ ሕፃናት በኢትዮጵያ የሚባሉት ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከሌሎች ሀገሮች ሸሽተው የተጠለሉ፣ ወይም በስደት ላይ ካሉ ወላጆች የተወለዱ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። መማራቸው፣ የልደት ምስክር ወረቀት መያዛቸውና ከቤተሰብ ጋር መኖራቸው በአብዛኛው የሚወሰነው በጥገኝነት ሕጉና በአፈጻጸሙ ነው።

ትምህርት

ኢትዮጵያ የ1951ዱን (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት በ1962 ዓ.ም. ስትቀበል፣ ስለ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚደነግገውን አንቀጽ 22(1) እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ እንደማታየው አስታውቃ ነበር። ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህን ለወጠው። በአዋጁ መሠረት በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አንድ ስደተኛ ልጅ አምቦ ወይም ጉደር ከተወለደ ኢትዮጵያዊ ልጅ ጋር እኩል መብት አለው። ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት ግን የሚፈቀደው የሀገሪቱ አቅም እስከቻለ ድረስ ነው። ስለዚህ ልጁ ከፍ ባለ ቁጥር ዋስትናው ይላላል።

የልደት ምዝገባ

ከጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞች ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ማስመዝገብ ይችላሉ። የልደት ምስክር ወረቀት የኢትዮጵያ ዜግነት አይሰጥም፤ በኢትዮጵያ ሕግ ዜግነት በትውልድ የሚገኘው ከወላጅ ነውና። ሆኖም የልጁን ዕድሜና ወላጆች ያረጋግጣል። የጠፋ ቤተሰብ ለመፈለግም ሆነ አንድን ልጅ እንደ አዋቂ ከመቆጠር ለማዳን ይጠቅማል።

ያለ ወላጅ የሚመጡ ልጆች

በኤርትራ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁት በሳዋ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸውን ማብቂያ የሌለው ብሔራዊ አገልግሎት በመሸሽ ብዙ ታዳጊዎች ብቻቸውን ድንበር ይሻገሩ ነበር። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ኤርትራውያንን አንድ በአንድ ሳትመረምር በጅምላ በስደተኝነት ትቀበል ነበር። በጥር 2012 ዓ.ም. ይህ አሠራር ተለወጠ፤ የሚመዘገቡት የተወሰኑ ወገኖች ብቻ ሆኑ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች እንደዘገቡት ምዝገባ ከተከለከሉት መካከል ያለ ወላጅ የመጡ ሕፃናት ይገኙበታል።

አዋጁ አልተሻረም ነበር። ነገር ግን ያልተመዘገበ ልጅ መጠለያ ጣቢያ አይገባም፣ ራሽን አይቀበልም፣ ትምህርት ቤትም አይመደብለትም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የሽመልባና የሕጻጽ ጣቢያዎች ሲወድሙ ደግሞ የተመዘገቡትም መጠለያቸውን አጡ። ከስደተኞቹ ከፊሎቹ በኋላ ዳባት አጠገብ በተከፈተው የአለምዋጭ ጣቢያ ሰፍረዋል።