የጠፋውን አየር የሚመልስ ተርቦ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሽከረከር ተርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ሳያገኝ ይኖራል። ጥፋቱ የሞተሩም የጋራዡም አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። ፒስተኑ በየምቱ የሚስበው ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን ሳስቷል። ኦክስጅኑ ሲያንስ አብሮት የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል። በባሕር ጠረፍ 105 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 80 አካባቢ ላይ ይቆማል።

ይህን ጉድለት በባትሪ ኃይል ለመሙላት የሚሞክረው መሣሪያ የኤሌክትሪክ ተርቦ ይባላል። እጃቸውን የሚያምኑ መካኒኮች በየአገሩ በራሳቸው ጋራዥ ሲሠሩት ይታያሉ። የሚሳካላቸው አሉ፤ ደክመው የሚቀሩም አሉ። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ኃይሉ ከየት ይመጣል?

የተለመደው ተርቦ ይህን ጥያቄ የመለሰው በሚባክን ነገር ነው። በጭስ ማውጫው በኩል የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይኑን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ያለው መጭመቂያ ደግሞ፣ አንጥረኛ በወናፉ ፍሙን እንደሚያበረታ ሁሉ፣ አየር እያጨቀ ወደ ሲሊንደር ይልካል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ተርቦ ከከፍታ ጋር የተፈተነበት ዘመንም ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። የሞስ ዓላማ ሞተሩን ከተፈጥሮው በላይ ማስገደድ አልነበረም፤ ተራራው የወሰደበትን ማስመለስ ነበር። ደጋ ላይ የኤሌክትሪክ ተርቦ ለሚሠራ ሰውም ከዚህ የተሻለ ዓላማ የለም።

በጭስ የሚዞር ተርቦ አንድ የታወቀ ድክመት አለው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ጭሱ በርትቶ ተርባይኑን እስኪያፈጥነው ድረስ ሞተሩ ይዘገያል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጭስ አይጠብቅም። አውዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ባቀረበው ኤስኪው7 የናፍጣ መኪና ላይ ከሁለት መደበኛ ተርቦዎች በተጨማሪ በ48 ቮልት የሚሠራ የኤሌክትሪክ መጭመቂያ ገጥሟል። ይህ መጭመቂያ እስከ 7 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜም ወደ 70 ሺህ ዙር በደቂቃ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ሊሠራው ያሰበ ሰው 7 ኪሎ ዋት የምትለዋን ቁጥር ልብ ይበል።

በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ «ኤሌክትሪክ ተርቦዎች» የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6 ሺህ ዙር ሲዞር በሴኮንድ 70 ሊትር ያህል አየር ይስባል። መቶ ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ግማሽ ያህሉን ኃይል በሙቀትና በሽክርክሪት ካባከነ በኋላ ለዚህ ሁሉ አየር የሚጨምረው ግፊት ከግማሽ ኪሎ ፓስካል ብዙም አይበልጥም። ይህ 60 ሜትር ያህል ቁልቁል ከመውረድ ጋር እኩል ነው፤ ከእንጦጦ ቦሌ መውረድ አሥር እጥፍ ይበልጠዋል። ሞተሩ ማራገቢያው ከሚገፋው በላይ ሲስብ ደግሞ ምላጮቹ መተላለፊያውን ያጠቡታል፤ መኪናው ቀድሞ ከነበረውም ይደክማል።

ታዲያ ስንት ኃይል ይበቃል? 76ን ወደ 101 ለማድረስ አየሩን 1.33 እጥፍ መጭመቅ ያስፈልጋል። ጥሩ መጭመቂያ ይህን ሲያደርግ አየሩ በ38 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ለ1.6 ሊትሩ ሞተር በሙሉ ፍጥነቱ 2.9 ኪሎ ዋት ያህል በዘንጉ ላይ ይፈለጋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩና የመቆጣጠሪያው ብክነት ሲታከልበት 3.6 ኪሎ ዋት ይሆናል። በ12 ቮልት ሲሰላ 300 አምፔር ነው። ሞተር ለማስነሳት ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ በተለምዶ ከሚወስደው ይበልጣል፤ የአነስተኛ መኪና ዲናሞ ደግሞ ከ60 እስከ 90 አምፔር ቢሰጥ ነው። ስለዚህ የመኪናው የራሱ ባትሪና ዲናሞ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ትርፉስ? የሞቀው አየር እንዳለ ቢገባ ሲሊንደሩ የሚያገኘው አየር በ18 በመቶ ያድጋል። በመሐል ማቀዝቀዣ ራዲያተር ካለፈ ጭማሪው ወደ 28 በመቶ ይጠጋል። 80 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ያለ ማቀዝቀዣ 14 ያህል ያገኛል ማለት ነው፤ ይህም ከ10 ኪሎ ዋት በላይ ነው። 3.6 አውጥቶ 10 ማግኘት ይቻላል፤ ሒሳቡ ያዋጣል።

አሠራሩ የሚጀምረው ከአሮጌ ተርቦ ነው። ሶማሌ ተራን ከመሰለ የመለዋወጫ ሰፈር የተገኘ ተርቦ ተርባይኑ በሙቀት የተበላ ቢሆንም ቀዝቃዛው ወገን፣ ማለትም የአሉሚኒየሙ መጭመቂያና ቀንድ አውጣ የመሰለው ቤቱ፣ ብዙውን ጊዜ ደህና ይሆናል። የመጭመቂያው መንኮራኩር ስፋት ምርጫ ነገሩን ይወስነዋል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መንኮራኩር የሚፈለገውን ግፊት ለመስጠት ወደ 90 ሺህ ዙር በደቂቃ ይፈልጋል፤ ይህን የሚችል ሞተርና ኩሽኔታ በቀላሉ አይገኝም። ከጭነት መኪና ተርቦ የተነቀለ 80 ሚሊ ሜትር መንኮራኩር በ56 ሺህ ዙር ይበቃዋል፤ ብሩሽ የሌለው ፈጣን ሞተር በቀጥታ ሊያዞረው ይችላል። ዋጋው ግን አለ፤ ትልቁ መንኮራኩር የመኪናው ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞርና ጥቂት አየር ሲስብ የጨመቀው አየር ወደ ኋላ እየተመለሰ ያንገጫግጨዋል። ስለዚህ መጭመቂያው ከመካከለኛ የሞተር ዙር በታች መነሳት የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ባትሪ ነው። በ48 ቮልት ያው ኃይል 75 አምፔር ብቻ ይሆናል፤ ሽቦው ይቀጥናል፣ መቆጣጠሪያውም ይቀላል። 16 ሴል ያለው 20 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሌላ መኪና ለመቅደም አሥር ሴኮንድ ቢሠራ የሚወስደው 10 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዲናሞው ላይ በቮልት ማሳደጊያ በኩል 200 ዋት ቢወሰድ በሦስት ደቂቃ ይተካዋል። አቀበት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ መጭመቂያው በግማሽ ኃይል ብቻ ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ 900 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ባትሪው ድካም ሊመጣ ሲል ባዶ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ተርቦ ለአጭር ጊዜ የሚጠራ ረዳት ነው፤ ረጅም ዳገት ለሚገፋ መኪና በጭስ የሚዞረው ተርቦ ይሻለዋል።

ቱቦውን ሲዘረጉ አንድ ነገር አይረሳም፤ ከመጭመቂያው ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ክዳን ያለው ሁለተኛ መንገድ መኖር አለበት። መጭመቂያው ሲቆም ሞተሩ በዚያ በኩል በነፃ ይተነፍሳል፤ ሲነሳ ግፊቱ ክዳኑን ይዘጋዋል። መጭመቂያውን የሚያስነሳው፣ የሞተሩ ዙር ከመካከለኛው ካላነሰ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የሚበራ ማብሪያ ነው።

ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ከቆላው ሠሪ የሚቀልለው ነገር ቢኖር የነዳጁ ጉዳይ ነው። ኢንጀክተር ያለው መኪና ኮምፒዩተር የተሠራው በባሕር ወለል ላይም እንዲሠራ ነው፤ ግፊቱ እስከ 100 ድረስ ቢያድግ ሴንሰሩ ያነበዋል፣ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚያ ከታለፈ ግን ሴንሰሩ መለኪያው ያልቅበታል። ቤንዚኑ ያንሳል፣ ድብልቁ ከካንዴላው ብልጭታ ውጭ በራሱ ይፈነዳል፣ ፒስተኑም ይቀጠቀጣል። በመጨመቅ የሚመጣው ሙቀትም ይህንኑ ፍንዳታ ስለሚያቀርብ ማቀዝቀዣው ቅንጦት አይደለም። ካርቡሬተር ላለው አሮጌ መኪና ሥራው ይከብዳል፤ የካርቡሬተሩ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ጽዋ ላይም ያው ግፊት ካልደረሰ ቤንዚኑ አይወጣም።

አደጋው በሁለት በኩል ነው። በ56 ሺህ ዙር የሚዞር መንኮራኩር ሚዛኑን ከሳተ ስብርባሪው እንደ ጥይት ይበራል፤ ሙከራው መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት በወፍራም ብረት ተከልሎ፣ ሰው ከፊቱ ሳይቆም ይደረግ። ባትሪው ደግሞ ከምሰሶው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው፤ ያለ ፊውዝ የተላጠ ሽቦ ከቤንዚን ጋር አንድ ኮፈን ሥር በሰላም አያድርም።

ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ መንገዱን እየያዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አየር ስለማይስቡ ከፍታ ጉልበታቸውን አይነካም። መንገድ ላይ የቀሩት ብዙ የቤንዚን መኪኖች ግን ከሳሳ አየር ጋር ይኖራሉ። ማንም ሰው፣ የሠራውም ሆነ ሊገዛ ያሰበው፣ ተርቦውን የመኪናውን ኮምፒዩተር በሚያነብ ስካነር ይመዝነው፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ የመግቢያ ግፊቱን ያንብብ። አዲስ አበባ ላይ 76 ላይ ከቆመ የተገጠመው ማራገቢያ ነው። 90 ካለፈ ይሠራል። 100 ሲደርስ ደግሞ ሥራው አልቋል፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ሰው ሌላ ፒስተንና ሌላ የነዳጅ አቀራረብ ያለው ሞተር መሥራት አለበት።